ልምጣ ወይስ ልቅር

ዲላ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አትጠገብ፣

የጌታ ሰላም ካሉበት ይድረስዎ። እኔም እማም በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። ዝናቡ ብቻ ነው አልለቅ ያለን።

በስልክ ስንገናኝ እርስዎ «ደህና ነሽ?» ይላሉ፣ እኔ «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም መስመሩ እስኪቆረጥ እንጠብቃለን። ባለፈው መስመሩ አልተቆረጠም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰዎች ደብዳቤ እንጻጻፍ ብዬ አሰብኩ። በቴሌግራም ቢሆንም ቀንና ሰላምታ ይኑረው። ድምፅ ግን አይላኩልኝ።

ስለ ትምህርቴ ጠይቀውኝ ነበር። የማስተርስ ጥናቴን ጀምሬያለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው በልጅነቱ ካሳዳጊው ጋር የነበረው መተሳሰር፣ ካደገ በኋላ ከሚወደው ሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር ይወስናል ይባላል። አንዳንዱ ረጋ ያለ ነው፤ የሚወደው ሰው ቢርቅም ይመለሳል ብሎ ያምናል። አንዳንዱ ተጨናቂ ነው፤ መልስ ከዘገየበት የተጣለ ይመስለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ሸሺ ነው፤ ሰው ሲቀርበው ይጨንቀዋል፣ ማንም አያስፈልገኝም ይላል። እኔ የማጠናው እነዚህ ሰዎች የቀለም እድፍ ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው ነው። ወረቀት ላይ ቀለም አፈስስና ለሁለት አጥፈዋለሁ፤ ስገልጠው ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት የሆነ ቅርጽ ይወጣል። ምንም አይደለም፣ ቀለም ነው። ሰው ግን አንድ ነገር ያይበታል። «ምን ይታይሻል? ምን ተሰማሽ?» እያልኩ እጽፋለሁ። እንዲህ አድርጌ አምስት ሥዕል ሠርቻለሁ።

ገንዘብ አያስፈልገኝም። ጫማው ደርሶኛል፤ ትንሽ ጠበበኝ እንጂ ቆንጆ ነው።

አክባሪዎ ሔርሜላ


ማናማ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሔርሜላ፣

ጌታ ስትወጪም ስትገቢም ይጠብቅሽ፤ ያሰብሽውን ይሙላልሽ። እህቴን ሙሉነሽን ሳሚልኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱንም ደረጃው ነው የጨረሰው።

ዛሬ ዓርብ፣ የዓረብ አገር የእረፍት ቀን ስለሆነ አረፍ ብያለሁ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መጻፍ ከተውኩ ስንት ዘመኔ፤ ፊደል ብገድፍ እንዳትስቂብኝ። ስለ ስልኩም ይቅርታ አትበይኝ። እኔም የምለው ጠፍቶኝ ነው። «በላሽ ወይ?» እንዳልል ትልቅ ሴት ነሽ፤ ሌላ ነገር እንዳልጠይቅ ስለ ኑሮሽ የማውቀው የለኝም። ጫማው ከጠበበሽ ደግሞ ለሰው ስጪው። እግርሽ ምን ያህል እንደሆነ ሙሉነሽን ጠይቄ ነበር የምገዛው፤ ዘንድሮ አፍሬ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ጥናትሽ እንደገባኝ ልንገርሽ። ተጨናቂ ያልሽው እኔ ነኝ፤ ይሄን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም። ሸሺ ያልሽውንም አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም። ሸሸህ ቢሉት «አልሸሹም ዞር አሉ» ይላል እንጂ መች ያምናል። ረጋ ያለ የሚባለውን ግን እስካሁን በዓይኔ አላየሁም። ካገኘሽው ፎቶውን ላኪልኝ። ከሥዕሎችሽም አንዱን ላኪ፣ እኔም ልፈተን።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የማስታምማቸው አሮጊት፣ ማማ የምላቸው፣ ከአልጋ መነሣት አቁመዋል። ልጆቻቸው እሳቸው ሲያልፉ ቤቱን እንሸጠዋለን ብለዋል። ኤጀንሲው ሌላ ቤት አለ፣ ለሁለት ዓመት ፈርሚ ይለኛል። እኔ ደክሞኛል፣ ሔርሜላ። የሰው ደረጃ መውጣት ደክሞኛል። ዲላ መጥቼ ከእናንተ ጋር ብኖር ደስ ይለኛል። ግን ለአንቺ ሰው አይደለሁም፤ ስም ነኝ፣ እናትሽ ናት የሚሉሽ ስም። የማያውቁትን ሰው ጓዳ ውስጥ ማስገባት ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። አንቺ ካልፈለግሽኝ አልመጣም። ስለዚህ ሳትፈሪ ንገሪኝ፤ ልምጣ ወይስ ልቅር?

የወለደችሽ አትጠገብ


ዲላ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አትጠገብ፣

የጌታ ጸጋ ከእርስዎ ጋር ይሁን። ስለዘገየሁ ይቅርታ። የቡና ወቅት ሆነና ለጥናቴ የመዘገብኳቸው ሰዎች ለለቀማ በየገጠሩ፣ ከአሪቻ እስከ ወርቃ፣ ተበተኑብኝ፤ እነሱን ስከተል ከረምኩ።

የቀሩልኝ እዚህ ከተማ መጋዘን ውስጥ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ናቸው። ቀኑን ሙሉ አቀርቅረው ከደህናው ፍሬ መሐል የተበላሸውን ሲለዩ ነው የሚውሉት። ሥዕሉን ስሰጣቸው ምን ያደርጋሉ መሰለዎት፤ ጉድለቱን ይነግሩኛል። አንዷ ነቀዝ የበላው ነው ትላለች፣ አንዷ ውሃ የነካው ነው ትላለች። ምን ተሰማሽ ስላቸው «ይጣል» ይላሉ። አማካሪዬ ይህን በየትኛው ስሜት ልትመድቢው ነው እያለ ሲስቅብኝ ዋለ።

ይሄ ሳያንስ ሌላ ጣጣ መጣ። ከመካከላቸው አንዷ ጸሎት ላይ ሔርሜላ ሲኒ ማንበብ ጀምራለች ብላ አወራች። የቡና አተላ አይተው ዕድል ከሚናገሩት ጋር ደመረችኝ ማለት ነው። በሳምንቱ ግማሾቹ ከቀጠሮ ቀሩ። የመጡትም ሥዕሉን ስዘረጋ ፊታቸውን እያዞሩ «እኔ በኢየሱስ ስም ምንም አይታየኝም» ይሉኛል። ሸሺ ይሁኑ አማኝ መለየት አቃተኝ። እማ ደግሞ እኔን ላለማስከፋት ቀስ ብላ ሥዕሎቹን ከመጽሐፍ ቅዱሷ ራቅ አድርጋ አስቀመጠቻቸው።

እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ዘርዓብሩክ ቤት ድረስ መጡ። ያስታውሷቸው ይሆናል፣ የእንጨት ሥራ ቤት የነበራቸው ናቸው። ሥዕሎቹን አምጪ አሉኝና አንድ በአንድ ሲያዩ ቆይተው አራተኛው ላይ ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ስለ ልጃቸው ማውራት ጀመሩ። ጆሃንስበርግ ከሄደ ወዲህ ለበዓል ብቻ ይደውላል። ሲደውል እሳቸው ናፍቀኸኛል ማለት አቅቷቸው ስለ ላሟ ይነግሩታል። ላሟ ከሞተች ቆይታለች። ይሄን ሁሉ ሲነግሩን የቀዳንላቸው ሻይ ሳይነካ ቀዘቀዘ። ሲወጡ ሥዕሉን መለሱልኝና «ሰይጣን የለበትም። ግን ሰው እንዳታስለቅሺበት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ተመልሰውልኛል።

አራተኛውን ሥዕል ልኬልዎታለሁ። ዘመድ መፈተን ደንቡ አይፈቅድም፤ ስለዚህ እንዲሁ ይዩት፣ ጥናቱ ውስጥ አላስገባዎትም።

ለማማ ምሕረቱን ይላክላቸው።

አክባሪዎ ሔርሜላ


ማናማ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሔርሜላ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ዕድሜሽ ይርዘም። ሙሉነሽን አንገቷን አቅፈሽ ሳሚልኝ።

ሥዕሉን መጀመሪያ ሳየው እጅጌዬን ልሰበስብ ምንም አልቀረኝም። ይሄ በሎሚና በጨው ይለቃል አልኩ በሆዴ። ከለቃሚዎችሽ ጋር ደምሪኝ፣ ሥራ ነው እንዲህ ያደረገን።

ማማን አስተኝቼ ስመለስ እንደገና አየሁት። ሁለት ሴቶች ናቸው። በመሐላቸው አንድ ነገር ይዘዋል፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን ይመስለኛል። አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ። ከብዷቸዋል፤ ግን ማናቸውም ልቀቂው አትልም። ምን ተሰማሽ ካልሽኝ ክንዴን አመመኝ። ይሄ ስሜት ይባላል? ለማማም አሳየኋቸው። ብዙ አይተው ልጆቼ የት አሉ አሉኝ። ልጆቻቸው ከበላያችን ፎቁ ላይ እራት እየበሉ ነበር። አንቺስ ምን ይታይሻል? ሌላውን ሁሉ ትጠይቂያለሽ፣ የራስሽን አልነገርሽኝም።

ደብዳቤሽ ረጅም ነው፣ ያስቃል፤ ጋሽ ዘርዓብሩክን በዓይኔ ያየኋቸው ያህል አዘንኩላቸው። የጠየቅሁሽ ግን አልተመለሰም። ሳታነቢው ቀርተሽ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። አንቺ ስድስት ሳምንት ስትጠፊ እኔ ስልኩን ትራስ ስር አድርጌ ነው የምተኛው፤ ታዲያ ተጨናቂ ብትይኝ አልቀየምሽም። አንዲት ቃል ጻፊልኝ። ክፉም ብትሆን እችላለሁ፤ ያደከመኝ አለማወቁ ነው።

የወለደችሽ አትጠገብ


ማናማ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሔርሜላ፣

እንደምን ከርማችኋል። ማማ ትናንት አረፉ። ዓይናቸውን የከደንኩት እኔ ነኝ። ከዚያ የሚያጥቧቸው ሴቶች መጡና የእምነታቸው ሥርዓት ነው፣ ውጪ አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት ያጠብኩትን ገላ ሌሎች አጠቡት፣ እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ ፎጣ አቀብል ነበር። ልጃቸው ወደ ማታ አገኘችኝና አንቺ ናፍቆት አታውቂም አለችኝ። ስላላለቀስኩ ነው። እዚህ ቤት ማልቀስ ሥራዬ አልነበረም።

ኤጀንሲው ለአዲሱ ቤት ቶሎ ፈርሚ ብሎኛል። ዝምታሽ መልስ ከሆነ ገብቶኛል። ካልሆነ ንገሪኝ።

አትጠገብ


ዲላ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አትጠገብ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎ። ማማን አላውቃቸውም፤ ግን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁዎት ነበርና ለቅሶው የእርስዎ ነው።

አራተኛው ሥዕል ላይ ምን እንደሚታየኝ ጠይቀውኝ ነበር። ኤልቤቴል የምትባል የክፍል ጓደኛ አለችኝ፤ ባለፈው ሳምንት ጥናትሽን ራስሽ ሳትቀምሺው ለሰው አታቅርቢ ብላ አስቀመጠችኝ። የመጀመሪያውን ሥዕል፣ ቀለም ነው አልኩ። ሁለተኛ፣ ቀለም ነው። ሦስተኛም ያው። አራተኛው ላይ ደግሜ ቀለም ነው ስል ኤልቤቴል እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ገና አላሳየሁሽም» አለችኝ። ስቄ ላልፈው ነበር፣ ሳቁ እምቢ አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ሰው አላናግርም፤ እማ ምን ሆነሻል ስትለኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው እላታለሁ።

እርስዎ ልምጣ ወይስ ልቅር ብለው ሦስት ወር ሙሉ ይጠይቁኛል። ያኔ ልሂድ ወይስ ልቅር ብለው ጠይቀውኝ ነበር? ሱቅ ደርሼ ልምጣ፣ ብስኩት ገዝቼልሽ እመጣለሁ ነው ያሉኝ። ሻንጣው በዋዜማው ከቤት ወጥቶ ጎረቤት እንዳደረ የሰማሁት ትልቅ ከሆንኩ በኋላ ነው። እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። እማ ነገ ትመጣለች አለችኝ፤ በማግሥቱም ነገ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ መጠየቄን ትቼ እሷን እማ ማለት ጀመርኩ። ማንም አልተቆጣኝም፣ ማንም አላረመኝም።

አሁን ይምጡ ብል የመጡት እኔ ብዬዎት ነው ይባላል፣ ይቅሩ ብል ያስቀረሁዎት እኔ ነኝ። ያኔ ያልተሰጠኝን ፍርድ ዛሬ ሸክሙን ብቻ ለምን ይሰጡኛል? እኔም ደክሞኛል፣ እትዬ።

መልካም ገና ይሁንልዎ።

ሔርሜላ


ማናማ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣

ሰላምታውን ዛሬ ተይልኝ፣ ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ነው የምጽፈው።

የዋሸሁሽ እኔ ብቻ አይደለሁም። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚሄደው። ልጅ ፊት አይሰናበቱም፣ ካለቀሰች ነፍሷ ትከተልሻለች፣ ትታመምብሻለች አሉኝ። የሄዱት ሁሉ በጓሮ ነው የወጡት፤ የአንዷ ልጅ እንቅልፍ ላይ ነው፣ የአንዷ ልጅ ሰንበት ትምህርት ቤት። የሚያለቅስ ልጅ ትቶ ሄደ የተባለ ሰው አልነበረም። እኔ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ አባትሽ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ሽማግሌ ያለኝን ሰማሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ትይኝ ይሆናል፤ እኔም ራሴን ብያታለሁ፣ ደግሜ ደጋግሜ።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም ነግሬው አላውቅም። መታጠፊያው ጋ ደርሼ ተመለስኩ። አጥር ተጠግቼ አየሁሽ። በር ላይ ተቀምጠሽ በእንጨት መሬቱን ትጭሪያለሽ። አላለቀስሽም፣ አልጠራሽኝም። ብትጠሪኝ ኖሮ እቀር ነበር፣ ሔርሜላ። እግሬ ለመቅረት ሰበብ ይፈልግ ነበር። ዝም ስትዪ ከእኔ ይልቅ ለሙሉነሽ ትሆናለች ብዬ ሄድኩ። እሷን እማ ስትዪም እሰየው አልኩ፤ አንድ ልጅ አንድ እናት ይበቃታል።

ሸክም አልጥልብሽም። ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። መልካም ገና ለሁለታችሁም።

አትጠገብ


ዲላ፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሔርሜላ፣

ጌታ ይባርክሽ። ከላይ የጻፍኩትን ቦታ አይተሽ እንዳትደነግጪ። ዲላ ነኝ።

መናኸሪያው አጠገብ ካለ ፔንሲዮን ክፍል ይዤ አራተኛ ቀኔ ነው። አልጠይቅሽም ስላልኩ ሳልጠይቅሽ መጣሁ። ለአዲሱ ቤት ፈርሜያለሁ፤ ከመጀመሬ በፊት ለእረፍት ፈቀዱልኝ። የመመለሻዬ ትኬት ለሐሙስ ነው።

ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ ስቀመጥ ቤት ደርሼ በር አንኳኳለሁ፣ ሙሉነሽ እልል ትላለች፣ ከዚያ የሆነው ይሁን ብዬ ነበር። ደርሼ ባጃጅ ያዝኩ። በራችሁ ጋ ስንደርስ የሚነዳውን ልጅ «እለፈው» አልኩት። በማግሥቱም ያዝኩ፣ አሁንም እለፈው አልኩት። «እናቴ፣ ማንን ነው የምትፈልጊው?» አለኝ። ከከፈልኩት ላይ መልሱን እንኳ ሳልቀበለው ወረድኩ።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስትወጪ አየሁሽ። ሙሉነሽን ክንዷን ይዘሽ ጭቃውን ታሻግሪያት ነበር። ከስተሻል። አረማመድሽ የአባትሽ ነው፣ ይሄን በስልክ ማወቅ አልቻልኩም ነበር። ሁለታችሁም እየሳቃችሁ ነበር፤ መሐላችሁ የምገባበት ቦታ አልታየኝም። ቅናት አይደለም፣ በእውነት። ተመስገን ብዬ ተመለስኩና አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

አሁን ይሄን የምጽፍልሽ ላስጨንቅሽ ብዬ አይደለም። መጥታ ሳትነግረኝ ሄደች እንዳትዪኝ ነው። አንድ ጊዜ እንደዚያ ሄጄብሻለሁ፤ ሁለተኛ አልደግመውም። ሐሙስ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እወጣለሁ። ልታዪኝ ባትፈልጊ አልቀየምሽም። ለሙሉነሽ መንገሩን ላንቺ ትቼዋለሁ።

የወለደችሽ አትጠገብ


ዲላ፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከሰዓት

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ክፍል ውስጥ ነው የደረሰኝ። አንብቤ ሳልጨርስ ወጣሁ። ባጃጅ ይዤ መናኸሪያ ድረስ መጣሁ። ፔንሲዮኑን አውቀዋለሁ። በሩ ፊት ለፊት ካለው የስልክ ካርድ መሸጫ ቆሜ ካርድ ገዛሁ፣ ከዚያ ሌላ ካርድ ገዛሁ፣ ከዚያ በእግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ስለዚህ ከበር በመመለስ አትበልጪኝም።

ለእማ ነገርኳት። ከቆመችበት ቁጭ አለች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ንጹሕ ነጠላ አወጣች። ያስወጣኋት እኔ ነኝ፣ ሻንጣውን ጎረቤት ያሳደርኩትም እኔ ነኝ፣ እኔ አመጣታለሁ አለችኝ። እናንተን ሁለታችሁን ከጠበቅን እስከ ሐሙስ ስትጻጻፉ ትከርማላችሁ አለችኝ። አሁን በር ላይ ቆማ ነይ እንጂ እያለችኝ ነው። እኔ ግን ሳንመጣ በፊት የምጽፈው አለኝ፤ ፊትሽ ቆሜ እንደማልለው ስለማውቅ ነው።

ብትጠሪኝ እቀር ነበር ብለሻል። ይሄን ሳነብ በጣም ተናድጄብሽ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ እንድታስቀርሽ እንዴት ትጠብቂያለሽ? አሁንም አልለቀቀኝም። ግን አንድ ወር ሙሉ ሳስበው ከረምኩና ለምን እንዳልጠራሁሽ ገባኝ። ያኔ ሸሺ አልነበርኩም፣ የማልፈልግሽም ሆኜ አይደለም። ሱቅ ሄደሽ እንደምትመለሺ አምኜሽ ነው። ላምንሽ ምንም አላቃተኝም ነበር። በዓይኔ አላየሁትም ያልሽኝ ረጋ ያለ ሰው ያኔ አጥሩ ጋ ቆመሽ ያየሽው ነው።

አሁን እንደዚያ አላምንሽም። ሐሙስ ጠዋት ነቅቼ ሄደሽ እንዳይሆን ከዛሬ ጀምሮ ስፈራ ነው የማድረው። እማ ብዬም ልጠራሽ አልችልም፣ ቃሉ የሷ ነው፤ አንድ ቤት ስንኖር ምን እንደምልሽ አላውቅም። ምናልባት አንድ ዓመት ሙሉ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ ስንባባል እንኖር ይሆናል። እሱንም እችለዋለሁ።

አትሂጂ። መጣን።

ሔርሜላ